የባልትና ምርት ገዢን ቋሚ ደንበኛ ማድረግ፦ የአሠራር መመሪያ

ሽሮ፣ በርበሬና ሚጥሚጣ አዘጋጅተውና አሽገው የሚሸጡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ምርቴን የቀመሰ ሁሉ ያመሰግናል፤ ታዲያ ለምን ተመልሶ አይገዛም?» የሚል ነው። ብዙዎቹ ይህን የሚጠይቁት ዋጋ ለመቀነስ ወይም ማስታወቂያ ለማሠራት ከወሰኑ በኋላ ስለሆነ፣ ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ሊሠሩት የሚገባውን ሁሉ በቅደም ተከተል እዚህ አስቀምጫለሁ። መመሪያው በቤታቸው ወይም በአነስተኛ ማምረቻ ለሚሠሩ፣ በቀጥታም ሆነ በየሱቁ ለሚሸጡ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይረዱ። የታሸገ ሽሮ የምትገዛ እናት የምትገዛው ከማመስ፣ ከመከካትና ወፍጮ ቤት ከመሰለፍ እፎይታን ነው። ወጡ ዛሬ ከወትሮው የተለየ ከሆነ ግን በማዕዱ ዙሪያ የሚወቀሰው አምራቹ ሳይሆን እሷ ናት። ስለዚህ ደጋግማ የምትገዛው ከሁሉ የጣፈጠውን ሳይሆን የማያሳፍራትን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚያገለግሉት ይህን እምነት ለማትረፍ ስለሆነ ቅደም ተከተላቸውን አያዛቡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• እስከ 1 ግራም የሚለካ ዲጂታል ሚዛን፣ እንዲሁም ሚዛኑን የሚፈትሹበት ክብደቱ የታወቀ ድንጋይ
• ሦስት ደብተሮች፦ አንዱ ለምርት፣ አንዱ ለደንበኞች፣ አንዱ ለቅሬታ
• ክዳናቸው በደንብ የሚገጥም፣ ደረቅ የብርጭቆ ማሰሮዎች
• የቀንና የቁጥር ማህተም
• የላስቲክ ማሸጊያ ማሽን
• ለደንበኞች ብቻ የሚውል ስልክ ቁጥር
• መጠናቸው እኩል የሆነ ሁለት ድስትና ተመሳሳይ ትናንሽ ሳህኖች
• የግዢ ካርድ (ይህን ደረጃ 8 ሳይደርሱ አያሳትሙ)

ደረጃ 1፦ ምጥኑን በክብደት ይጻፉ

ልምድ ያላት ባለሙያ በእፍኝና በዓይኗ መጥና ግሩም ሽሮ ታወጣለች። ችግሩ የሚመጣው እሷ ታማ ሌላ ሰው የተካት ዕለት ነው። ባለሙያዋ እንደ ወትሮዋ እየመጠነች ሳለ እያንዳንዱን ነገር ሚዛን ላይ እያሳረፉ ይመዝግቡ፦ ለ10 ኪሎ አተር ስንት ግራም በርበሬ፣ ስንት ኮረሪማ፣ ስንት ነጭ ሽንኩርት፣ ስንት በሶብላ፣ ስንት ጨው እንደገባ ይጻፉ። አተሩ ለስንት ደቂቃ እንደታመሰና ሲወርድ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረውም ይመዝግቡ፤ በማመሱ ላይ የሚፈጠር ልዩነት ከቅመሙ ልዩነት በላይ ጣዕም ላይ ይታያልና።

የዛላ በርበሬው ከየት እንደመጣም ይጻፉ፤ ማረቆ ነው ወይስ አላባ፣ የዘንድሮ ነው ወይስ የከረመ? ክብደቱ እኩል ቢሆንም የማቃጠል ኃይሉና ቀለሙ እንደ አካባቢውና እንደ ዓመቱ ስለሚለያይ፣ ምጥኑን የሚያስተካክሉት ይህን መዝገብ ተመልክተው ነው።

ወፍጮ ቤት ሲሄዱ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። ከእርስዎ በፊት በቆሎ ወይም ስንዴ ያስፈጨ ሰው ካለ ትራፊው ድንጋዩ ላይና መውረጃው ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ የሚወጣውን አንድ ኪሎ ያህል ለብቻው ይቀበሉና ለሽያጭ አያውሉት። አንዲት ደንበኛ «የዛሬው ሽሮ አይወፍርም» ወይም «ይጓጉላል» ስትል ምክንያቱ ምጥኑ ሳይሆን ይህ ትራፊ የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ደረጃ 2፦ ለእያንዳንዱ ዙር ቁጥር ይስጡ፣ ናሙና ያስቀምጡ

በአንድ ጊዜ ተመጥኖ በአንድ ጊዜ የተፈጨው ሁሉ አንድ ባች ነው። ቁጥሩን በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ ያትሙ፣ በምርት ደብተሩም ላይ የጥሬ ዕቃውን ሻጭ፣ የተፈጨበትን ቀን፣ የወጣውን ኪሎና የወሰዱትን ሱቆች በዚያው ቁጥር ሥር ያስፍሩ። ከእያንዳንዱ ባች ግማሽ ኪሎ ያህል በብርጭቆ ማሰሮ ከድነው፣ ቁጥሩን ለጥፈው ብርሃንና እርጥበት በማይደርስበት ቦታ ያኑሩ።

ጥቅሙ ሁለት ነው። ቅሬታ ሲመጣ ደንበኛዋ የያዘችውን ያንኑ ምርት እርስዎም በእጅዎ ይዘው ማየት ይችላሉ፤ ጥፋት ሲገኝ ደግሞ የሚሰበስቡት የዚያን ባች 40 ወይም 50 ከረጢት እንጂ ገበያ ላይ ያለውን ሁሉ አይሆንም።

ደረጃ 3፦ አዲሱን ባች ከቀድሞው ጋር ያስቀምሱ

ይህ ደረጃ ከሁሉም የላቀ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ከቀድሞው ናሙናና ከአዲሱ ምርት እኩል 60 ግራም በየድስቱ ያዘጋጁ፤ ለሁለቱም እኩል ግማሽ ሊትር ውኃ፣ እኩል ዘይትና እኩል ሽንኩርት ይጠቀሙ፤ እሳቱም የማብሰያ ጊዜውም አንድ ይሁን። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቀማሽ ሦስት ሳህን ያቅርቡ። ሁለቱ ሳህኖች አንድ ዓይነት፣ ሦስተኛው የተለየ ይሆናል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ቅደም ተከተሉን ለእያንዳንዱ ሰው ይለዋውጡ፣ በመካከሉም ውኃ ያስጠጡ።

ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ «ከሦስቱ የተለየው የትኛው ነው?» ዘጠኝ ሰው ካስቀመሱ ሦስቱ በግምት ብቻ ሊያገኙት ይችላሉ። ስድስትና ከዚያ በላይ ሰው ለይቶ ካወቀ ግን ልዩነቱ እውነተኛ ስለሆነ ደንበኛዎም ታውቀዋለች። ያን ባች ምጥኑን ሳያስተካክሉ በወትሮው ስም አይሽጡት። ቀማሾቹ ጎረቤትና ዘመድ ቢሆኑም ይሠራል፤ የሚጠየቁት ስለ ልዩነት እንጂ ስለ ውዳሴ ስላልሆነ ይሉኝታ ውጤቱን አያበላሸውም።

«የትኛው ይጣፍጣል?» ብሎ መጠየቅ ለምን እንደማይበቃ የሚያሳይ የታወቀ ምሳሌ አለ። ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1985 ቅመሙን ከመለወጡ በፊት ወደ 200,000 ለሚጠጉ ሰዎች አስቀምሶ ነበር፤ የሚበዙትም አዲሱን መርጠው ነበር። ሆኖም ነባሩ ከገበያ ሲነሣ ደንበኞቹ በቁጣ ስለተነሡ ኩባንያው በ79 ቀን ውስጥ ነባሩን መልሶ ለማምጣት ተገዷል። ደንበኛ የለመደው ነገር የራሱ ንብረት ይመስለዋል፤ ስለዚህ የተሻለ ምጥን ቢያገኙ እንኳ ነባሩን ሳያነሡ፣ አዲሱን በሌላ ስምና በሌላ ቀለም ከረጢት ከጎኑ ያውጡ።

የናሙናው ሽታ በጊዜ ብዛት ስለሚደክም በጣም የቆየውን ለማነጻጸሪያ አይጠቀሙ። ፈተናውን ያለፈው የቅርብ ባች በየጊዜው የቀድሞውን ይተካው።

ደረጃ 4፦ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ይሁን

«1 ኪሎ» ያለው ከረጢት 1 ኪሎ ይመዝን። ሚዛኑን ሥራ በጀመሩ ቁጥር በድንጋዩ ይፈትሹት፤ የከረጢቱንም ክብደት ቀንሰው ይመዝኑ። የተጨመረውን ሁሉ፣ የምርት ቀኑን፣ የአገልግሎት ማብቂያውን፣ የባች ቁጥሩንና ስልክዎን በግልጽ ያትሙ። ስልኩ በተለይ በየሱቁ ለሚሸጥ ምርት ግዴታ ነው፤ ያለዚያ ቅር ያላት ደንበኛ የምትነግረው ለጎረቤቷ ነው፣ እርስዎ ግን አይሰሙም።

«ንጹሕ የሽምብራ ሽሮ» ብለው ከጻፉ ሌላ ጥራጥሬ አይግባበት። በተለይ ጓያን በስውር መቀላቀል ከእምነት ማጉደልም በላይ ነው፤ ጓያ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ከተበላ እግርን የሚያሽመደምድ ሕመም ያስከትላል።

ከረጢት በብዛት ከማሳተምዎ በፊት ስሙ በሌላ ሰው አለመያዙን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያጣሩና የንግድ ምልክቱን ያስመዝግቡ። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ እየታደሰም ይቀጥላል። ደንበኛ ወደ እርስዎ የሚመለሰው በስሙና በከረጢቱ መልክ ስለሆነ፣ ሌላው ቢመስለው የእርስዎ ልፋት ለእሱ ይሆናል።

ደረጃ 5፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛውን ሰው ይከታተሉ

በቀጥታ ለሸጡለት አዲስ ገዢ ሁሉ ስም፣ ስልክ፣ የወሰደውን ምርትና የባች ቁጥሩን በደንበኞች ደብተር ላይ ያስፍሩ። ስልኩን ለምን እንደሚፈልጉት ነግረው በፈቃዱ ይቀበሉ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ ያለ አግባብ እንዳይያዝ ይደነግጋል፤ ካልተስማማም አይጫኑት።

ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ይደውሉ። ከዚያ ቀደም ብለው ቢደውሉ ገና አልሠራችው ይሆናል፤ ቢዘገዩ ደግሞ ቅር ያሰኛትን ነገር ለራሷ ይዛ ወደ ሌላ አምራች አልፋለች። ንግግሩ አጭር ይሁን፦

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ባለፈው ሳምንት ሽሮ የወሰዱበት ባልትና ቤት ነን። ሠርተው አዩት? ጨውና በርበሬው እንደሚወዱት ሆኖ አገኙት?»

መልሱን ከሰሙ በኋላ በዚያው ጥሪ ሌላ ምርት ለመሸጥ አይሞክሩ። የጠየቁት ለመስማት እንደሆነ ከታመነ ሴትዮዋ በሚቀጥለው ጊዜ ራሷ ትደውላለች። ይልቅስ «በርበሬው ያይልብናል» ካለች በስሟ አንጻር ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ስትመጣ «ለእርስዎ ለዘብ ያለው ይሻልዎታል» ብሎ ማቅረብ ምንም ቅናሽ የማይሠራውን ይሠራል።

በየሱቁ የሚሸጡ ከሆነ ባለሱቁም ደንበኛ ነው። በየሳምንቱ ጎብኙት፣ ጊዜው የተቃረበውን ከረጢት ሳይከራከሩ ይቀይሩለት፣ ምርትዎ ፀሐይ በሚመታው መደርደሪያ ላይ ካለም ምክንያቱን አስረድተው ቦታ ያስለውጡ። ገዢ «የቱ ይሻላል?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልሰው እሱ ነው።

ደረጃ 6፦ ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ ይካሱ፣ ቀጥሎ ይመርምሩ

በዕለቱ፣ ቢዘገይ በማግሥቱ፣ ምርቱን ቀይረው ይስጡ ወይም ገንዘቡን ይመልሱ። ምርመራውን ካሳ ለመስጠት ቅድመ ሁኔታ አያድርጉት። «እርስዎ በደንብ ስላላበሰሉት ይሆናል» የሚለው ቃል እውነት ቢሆን እንኳ ከአፍዎ አይውጣ፤ አንዲት ባለቤት በሙያዋ ከተነካች ተመልሳ አትመጣም።

ከዚያ የባች ቁጥሩን ጠይቀው ናሙናውን ያውጡና ራስዎ ሠርተው ይቅመሱ። የተገኘውን በቅሬታ ደብተሩ ላይ ይጻፉ፣ ለደንበኛዋም ደውለው ይንገሩ፦ «አይተነዋል፤ ወፍጮው ላይ የቀረ እህል ተቀላቅሎበት ነው፤ ያን ዙር ከሱቆች ሰብስበናል» ማለት በቂ ነው። ሰው ጥፋት ይቅር ይላል፤ መሸፋፈንን ግን አይረሳም።

ከአንድ ባች ሁለት ተመሳሳይ ቅሬታ ከመጣ የዚያን ባች ሽያጭ ያቁሙ። ሻጋታ፣ ነቀዝ ወይም ባዕድ ነገር ከሆነ ግን ሁለተኛውን አይጠብቁ፤ በመጀመሪያው ዕለት ሁሉንም ይሰብስቡ። እ.ኤ.አ. በ1982 በቺካጎ አካባቢ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ታይሌኖል በተባለው የሕመም ማስታገሻ ውስጥ ሳያናይድ ጨምሮ ሰባት ሰዎች ሲሞቱ፣ አምራቹ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ጥፋቱ በማምረቻው የተፈጸመ ባይሆንም ወደ 31 ሚሊዮን የሚጠጋ ጠርሙስ ከመላው አሜሪካ ሰበሰበ፤ በዚያው ዓመትም ቢከፈት በግልጽ የሚያስታውቅ ማሸጊያ ይዞ ተመለሰ። ገዢዎቹም ወደ መድኃኒቱ ተመለሱ። ካወጣው ገንዘብ ይልቅ ሰው ያስተዋለው ሳይጠየቅና ሳይከራከር መሰብሰቡን ነው።

ልጇ አሜሪካ ወይም ዓረብ አገር ሆኖ በርበሬ የምትልክ እናት ስታማርር ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። ከረጢቱ ሻንጣ ውስጥ ተቀዶ ልብስ አበላሽቶ ከሆነ ምትኩን እዚህ ላለችው እናት ይስጡ፤ ወደፊት ደግሞ ለሚላክ በርበሬ በድርብ የታሸገና የይዘቱ ዝርዝር በእንግሊዝኛም የታተመበት ከረጢት ለብቻ ያዘጋጁ።

ደረጃ 7፦ በሚፈለግበት ጊዜ አይጥፉ፤ ዋጋ ሲጨምሩ አስቀድመው ይናገሩ

ሽሮ ከምንጊዜውም በላይ የሚፈለገው በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ነው፤ በርበሬ ደግሞ ለፋሲካና ለሌሎች በዓላት ዶሮ ወጥ። ደንበኛዎ በዚያ ሳምንት መጥታ ካጣችዎት የግድ ሌላ ትገዛለች፤ ሌላውም ከተስማማት አትመለስም። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ደብተር የሽያጩን መጠን አይተው ጥሬ ዕቃውን አስቀድመው ይያዙ፣ ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊትም ለቋሚዎቹ ደውለው ስንት እንደሚያስቀምጡላቸው ይጠይቁ።

የበርበሬ ዋጋ ሲንር ሦስት ምርጫ ይኖርዎታል፦ ዋጋ መጨመር፣ ክብደት መቀነስ፣ ጥራት ማውረድ። የመጀመሪያውን ብቻ ይውሰዱ። ከመጨመርዎ ከሳምንት በፊት ምክንያቱን ነግረው፣ ነባር ደንበኞች በቀድሞው ዋጋ አንድ ጊዜ እንዲወስዱ ዕድል ይስጡ። ዋጋ የጨመረ አምራች ይወቀሳል እንጂ አይጠላም፤ ኪሎውን 900 ግራም ያደረገ ግን አንድ ቀን ሚዛን ላይ ይገኛል።

ደረጃ 8፦ የግዢ ካርድ

ካርድ ያለውን ልምድ ያጠነክራል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። መጀመሪያ ሒሳቡን ይሥሩ። ለስሌት ያህል አንዱን ኪሎ በ500 ብር እየሸጡ ወጪዎ 400 ብር ቢሆን፣ ከ10 ግዢ የሚያገኙት ትርፍ 1,000 ብር ነው። 11ኛውን በነጻ ሲሰጡ ከዚያ ላይ 400 ብር ይወጣል፤ የትርፍዎ 40 በመቶ ማለት ነው። ይህን መሸከም ካልቻሉ ሽልማቱን አንድ ከረጢት ሚጥሚጣ ወይም ኮረሪማ ያድርጉት።

ካርዱን ባዶ አይስጡ። ጆሴፍ ኑኔስና ዣቪየር ድሬዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት በአንድ የመኪና እጥበት ቤት ሁለት ዓይነት ካርድ አድለው ነበር፤ አንዱ 8 ማህተም የሚጠይቅ ባዶ ካርድ፣ ሌላው 10 የሚጠይቅ ሆኖ ሁለቱ አስቀድመው የተመቱለት። የሚቀረው ለሁለቱም 8 ነው። ባዶውን ከወሰዱት 19 በመቶው፣ የተጀመረውን ከወሰዱት ግን 34 በመቶው ካርዱን ሞልተዋል። ሰው የተጀመረ ነገር መጨረስ ስለሚወድ እርስዎም ሁለት ማህተም መትተው ይስጡ።

ደረጃ 9፦ የተመለሱትን ይቁጠሩ

በየወሩ መጨረሻ ከሁለት ወር በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የገዙትን ከደብተሩ ቆጥረው፣ ከእነሱ ስንቱ ዳግም እንደገዙ ይመልከቱ። ለምሳሌ በጥቅምት 40 አዲስ ገዢ ቢኖርና እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ 14ቱ ቢመለሱ 35 በመቶ ነው። ይህን ቁጥር ከራስዎ ያለፈ ወር ጋር እንጂ ከሌላ ነጋዴ ጋር አያወዳድሩ። ካሽቆለቆለ መጀመሪያ የዚያን ወር ባቾች ናሙና አውጥተው ይቅመሱ፤ ጠቅላላ ሽያጭ ግን አዲስ ሰው እየገባ የቀድሞው ሲወጣም ሊያድግ ስለሚችል ብቻውን አይመኑት።

ማስጠንቀቂያ

• ዛላ በርበሬ መሬት ላይ አስጥተው ወይም ርጥበት እያለው ከከመሩት ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበትን ይጎዳል፣ ወጥ ሆኖ ሲበስልም አይጠፋም። ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ወይም በንጹሕ ሸራ ላይ ያድርቁ፤ የሻገተውን ለቅመው ይጣሉ እንጂ አያስፈጩ።
• ቀለም እንዲያወጣ ብለው ማንኛውንም ማቅለሚያ በርበሬ ውስጥ አይጨምሩ።
• የደንበኞችን ስልክ ለሌላ ነጋዴ አያሳልፉ፣ ከፈቃዳቸው ውጭ በቡድን መልእክት ውስጥም አያስገቧቸው።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

ከሁሉ የሚበዛው ደረጃ 8ን ቀድሞ መጀመር ነው። ጣዕሙ በየዙሩ የሚለዋወጥ ምርት በካርድ ሲሸጥ፣ ደንበኛዋ ጉድለቱን በቶሎና ደጋግማ እንድታይ ብቻ ያደርጋታል። ሁለተኛው፣ ለአዲስ ገዢ ቅናሽ ሰጥቶ ነባሩን በሙሉ ዋጋ ማስከፈል ነው፤ ነባሩ ይህን የሰማ ዕለት ታማኝነቱ እንደ ጅልነት የተቆጠረበት ይመስለዋል። ቅናሽ ካለዎት ከነባሩ ይጀምሩ።

ሌላው ሥራው ሲሰፋ የሚመጣ ነው። ትእዛዝ በዝቶ ሁለተኛ ወፍጮ ቤት ወይም አዲስ ሠራተኛ ሲጨመር፣ ጥድፊያው የደረጃ 3ን ቅምሻ ያስዘልላል፤ ልዩነት የሚገባው ግን በትክክል በዚያ ሳምንት ነው። አዲስ ወፍጮ፣ አዲስ እጅ ወይም አዲስ የበርበሬ ሻጭ ከገባ ያ ባች ሳይቀመስ ከማምረቻው አይውጣ፤ ለዚህ የሚሆን አንድ ቀን አስቀድመው ለባለሱቆቹ በሚሰጡት የማስረከቢያ ቀጠሮ ውስጥ ይጨምሩ።